አወር ወርልድ ኢን ዳታ፦ የኮሮና ሞት ገጾቹ ለእኛ ምን ያህል ይሠራሉ?

ሥራዬ ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ የካርድ ክፍልና የመረጃ ሠራተኛነት ነው። በየወሩ ስንት ሰው በምን ታመመ የሚለውን ቅጽ ሞልቼ ወደ ላይ የምልከው እኔ ነኝ። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ጻፈው፣ ከየትኛው መዝገብ ወጣ የሚለውን ነው። «አወር ወርልድ ኢን ዳታ» የተባለውን፣ የዓለም አገራትን መረጃ በግራፍ የሚያሳይ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ በተለይም የኮሮና ሞት ገጾቹን፣ የምገመግመው በዚህ ዓይን ነው።

ወደ እነዚህ ገጾች የገፋኝ የቤተሰብ ክርክር ነው። አጎቴ ቧንቧ ውኃ አካባቢ የቅሬ (የእድር) ጸሐፊ ናቸው። ታናሽ ወንድሜ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሠራል። በዓል ደርሶ አንድ ቤት ከተገናኙ የኮሮና ነገር ይነሳል፤ ከተነሳም ቡናው በረካ ሳይደርስ አይበርድም። ወንድሜ «ተጋኗል፤ ስኳርና ደም ግፊት የነበረበትን ሁሉ በኮሮና ስም ጻፉት» ይላል። አጎቴ ደግሞ «ወላሂ የተነገረን ሩቡንም አያክልም፤ ቀብር እኮ የምንቆፍረው እኛ ነን» ይላሉ። ሁለቱም ማስረጃ ብለው የሚያሳዩኝ በቴሌግራም የደረሳቸውን የዚሁ አገልግሎት ግራፍ ነው። አንዱ ግራፍ ሁለት ተቃራኒ ነገር የሚያስረዳ ከሆነ፣ ወይ ግራፉ ችግር አለበት ወይ አነባበቡ። እኔ ከምንጩ ገብቼ ማየት ጀመርኩ።

አገልግሎቱን የመሠረተው ማክስ ሮዘር ነው፤ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ይሠራል። ክፍያ የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም፣ ዳታውን ሙሉውን አውርዶ በኤክሴል መክፈት ይቻላል። ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ ግራፉን የትም ብትጠቀሙበት ማንም አይጠይቃችሁም። ከሁሉም የወደድኩለት ግን ከእያንዳንዱ ግራፍ ሥር «ይህ ቁጥር ምን ይቆጥራል?» ለሚለው መልስ መስጠቱን ነው። ያ ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ የቤታችን ክርክር መቼም ፈቀቅ አይልም ነበር።

«የተረጋገጠ የኮሮና ሞት» የሚለውን ግራፍ እንያዝ። ሁሉም አገር አንድ ዓይነት ነገር የሚቆጥር ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። ቤልጂየም ምርመራ ሳይደረግላቸው በአረጋውያን መጦሪያ የሞቱትንና የተጠረጠሩትን ጭምር ትቆጥር ነበር። እንግሊዝ በ2020 ነሐሴ ላይ (የውጭውን ዓመት በፈረንጅ፣ የአገራችንን በእኛ ዘመን አቆጣጠር እጽፋለሁ) አቆጣጠሯን ቀይራ፣ ከምርመራው በኋላ በ28 ቀን ውስጥ የሞተውን ብቻ ልቁጠር ስትል ድምሩ በአንድ ቀን ከ5,000 በላይ ቀነሰ። ፔሩ በተቃራኒው በ2021 ግንቦት መጨረሻ መዝገቧን ፈትሻ 69,342 ስትለው የነበረውን ወደ 180,764 አሳደገችው። በእነዚህ ቀናት በዚያ ቁጥር ልክ የሞተ ወይም ከሞት የተነሳ ሰው የለም፤ የተለወጠው የመቁጠሪያው ደንብ ነው። አገልግሎቱ እንዲህ ያሉ ለውጦችን ግራፉ ላይ ድንገተኛ ቁልቁለት ወይም ዳገት አድርጎ ያሳያል፣ ምክንያቱን ግን ከግርጌ ወርዶ ያላነበበ አያገኘውም።

የወንድሜ ዋና መከራከሪያ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ2020 ነሐሴ «በኮሮና የሞተው 6 በመቶ ብቻ ነው» የሚል ወሬ ዓለምን ዞረ። መነሻው እውነተኛ ዳታ ነበር፦ ከሞት ምስክር ወረቀቶቹ ኮሮና ብቻውን የተጻፈባቸው 6 በመቶ ነበሩ፣ በቀሩት ላይ ሌላም ሕመም አብሮ ሰፍሯል። ይህን ለወንድሜ ለማስረዳት ወረቀቱ እንዴት እንደሚሞላ ማሳየት ነበረብኝ። ሐኪሙ ከላይ መጨረሻ ላይ የገደለውን ይጽፋል፣ ለምሳሌ መተንፈስ አለመቻል። ከሥሩ ያንን ያመጣውን፣ የሳንባ ምች። ከሁሉ በታች የሁሉን መነሻ፣ ኮሮና። ስኳርና ደም ግፊት ያሉ ተጓዳኝ ሕመሞች ለብቻቸው በሌላ ክፍል ይጻፋሉ። «ሌላ ሕመም ነበረባቸው» ከተባሉት ብዙዎቹ ላይ የሰፈረው እንግዲህ ኮሮናው ራሱ ያመጣው የሳንባ ምች ነው። ስኳር ያለበት ሰውም ቢሆን መድኃኒቱን እየወሰደ ሌላ ሃያ ዓመት ሊኖር ይችል ነበር። ወንድሜ ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ከዚያ «እሺ የአሜሪካው ይሁን፣ የእኛስ?» አለኝ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

የእኛን መስመር የሚፈልግ ሰው ኢትዮጵያን መርጦ «በሚሊዮን ሰው» የሚለውን ሲጫን ከሥር ከወለሉ ጋር የተጣበቀች መስመር ያያል። በአጠቃላይ የተመዘገበው ሞት 7,574 ነው፣ ከ120 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ። ወንድሜ የሚልክልኝ ግራፍ ይኸው ነው። በ2012 የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ ያወጡት የነበረውን መግለጫ የሚያስታውስ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ ሳይል አይቀርም፦ ከሟቾቹ የተወሰኑት ኮሮና እንደነበረባቸው የታወቀው በአስከሬን ምርመራ ነበር። በሕይወት እያሉ ማንም አልመረመራቸውም ማለት ነው። ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ላይ ይህንኑ በጥናት ፈትሸውታል። በ2020 አጋማሽ ከ364 አስከሬኖች ናሙና ወስደው 70ዎቹ ላይ ቫይረሱን አገኙ፤ አብዛኞቹ የሞቱት ቤታቸው ነበር፣ ሳይሞቱ የተመረመሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእኛም አገር ጅማና አዲስ አበባ ላይ በጤና ሠራተኞች ደም ላይ በተደረገ ጥናት በ2013 የካቲት አካባቢ ከግማሽ በላዩ ቫይረሱ እንዳገኛቸው ታይቷል። ቫይረሱ ያን ያህል ከተሰራጨ፣ ያቺ ከወለሉ የተጣበቀች መስመር የምትነግረን ስለ ምርመራው ማነስ ነው።

ለወንድሜ ፍትሐዊ ልሁን። መስመሯ ዝቅ ያለችበት ሌላም እውነተኛ ምክንያት አለ፦ ዕድሜ። ከኢትዮጵያ ሕዝብ ግማሹ ከ20 ዓመት በታች ነው። ጣሊያን ግማሹ ከ45 በላይ ነው። ኮሮና ደግሞ አረጋዊን ከወጣት በብዙ እጥፍ ይገድላል። ስለዚህ ሁሉም ሟች ቢቆጠር እንኳ እኛ ጣሊያንን አንሆንም ነበር። አገልግሎቱ የሀገራትን መካከለኛ ዕድሜ ለብቻው በሌላ ገጽ ያሳያል፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ከፍቶ ማየት የተጠቃሚው ድርሻ ነው። እኔ ቢሆን የሞቱ ገጽ ላይ ራሱ አስቀምጠው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የቆጠራ ደንብን ጣጣ የሚያልፍ አንድ ዘዴ አለ፦ ምክንያቱን ትቶ የሞተውን ሁሉ ቆጥሮ፣ ያ ዓመት ኮሮና ባይኖር ይጠበቅ ከነበረው ጋር ማነጻጸር። ትርፉ «ተጨማሪ ሞት» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ስሌት በ2020 እና በ2021 ብቻ 14.9 ሚሊዮን ተጨማሪ ሞት ገመተ፤ አገራት ሪፖርት ያደረጉት 5.4 ሚሊዮን ነበር። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። ገጹን ከፍተን ኢትዮጵያን ስንፈልግ ግን የለችም። የአገልግሎቱ ስህተት አይደለም፤ የሚጫን መዝገብ የለም። ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዝገብ የሚል ሕግ አለን፣ ምዝገባውም በ2008 ተጀምሯል። ነገር ግን እዚህ ሰው የሞት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ የሚሄደው የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ሲኖርበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እንዳለው በአፍሪካ ከሚሞተው የሚመዘገበው 10 በመቶ ብቻ ነው።

በዚያ ባዶ ቦታ ምትክ አገልግሎቱ «ዘ ኢኮኖሚስት» መጽሔት የሠራውን የግምት ሞዴል ያቀርባል። እዚያ ኢትዮጵያ አለች። በመካከል መስመር፣ ዙሪያዋን ሰፊ ጥላ። ጥላው የእርግጠኝነት ማነስ ነው፣ እና በጣም ሰፊ ነው። አጎቴ የላይኛውን ጠርዝ ያዙ፣ ወንድሜ የታችኛውን። እኔ የምለው፣ ለኢትዮጵያ የመካከሏን መስመር እንደ ቁጥር መጥቀስ አይገባም። መስመሯ የሌሎች አገሮችን ልምድ ወደ እኛ የምታሻግር ግምት ናት። ሰው ሁሉ በሚመዘገብበት አገር እንኳ ይህ ስሌት ይሳሳታል፦ የዓለም ጤና ድርጅት ለጀርመን መጀመሪያ 195,000 ገምቶ፣ «የሚጠበቀው ሞት» የተሰላበት መንገድ ሲተች ወደ 122,000 አወረደው። ሕንድም ድርጅቱ ለእሷ ያወጣውን የ4.7 ሚሊዮን ግምት አልቀበልም ብላ ተከራክራለች።

አጎቴ በዚህ ጊዜ ደብተራቸውን አመጡ። የቅሬ መዝገብ ነው፤ ቀኑ፣ የአባሉ ስም፣ የሟቹ ዝምድና፣ የተሰጠው ገንዘብ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ አለበት። በሚያዝያ 2013 አካባቢ ገጾቹ በእርግጥ ጠበቅ ጠበቅ ብለዋል። ወንድሜ ወዲያው «አባሉም ጨምሯል እኮ ጋሼ፣ በፊት ስንት አባወራ ነበር?» አላቸው። ልክ ነው፤ ለስንት ሰው ስንት ሞት የሚለው ካልታወቀ መብዛቱን ማወቅ አይቻልም። ዕድሜና ምክንያትም አልተጻፈም። ከዚያ ጥቅምትና ኅዳር 2014 ይመጣል፤ ጦርነቱ ከተማችን ውስጥ የነበረበት ጊዜ። ገሚሱ ሰው ተሰዷል፣ ደብተሩም የተጻፈው ሰው ከተመለሰ በኋላ በትዝታ ነው። ያን ሰሞን የሞተን ሰው ኮሮና ነው የገደለው፣ መድኃኒት ማጣት ነው ወይስ ጥይት ብሎ የሚለይ የትኛው ሞዴል ነው? የ2014ን የወሎ ሞት በኮሮና ስም የሚደምር ግራፍ ካያችሁ አትመኑት። ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ሟቾቻችን ያለ ስም መቅረታቸው ሳያንስ በተሳሳተ ምክንያት ሥር መደርደራቸው ያመኛል።

አጎቴ ግን አንድ ነገር ተናግረዋል፣ መልስ አላገኘሁለትም። «የኅዳር በሽታ በ1911 ስንት ሰው ገደለ? አንዱ አርባ ሺህ ይላል፣ አንዱ ሌላ ይላል፤ የቆጠረ አልነበረም። እስከ ዛሬ ግን ኅዳር 12 እናጥናለን። ያልተቆጠረ ሁሉ አልሞተም ልትሉኝ ነው?» ወንድሜም አልመለሰላቸውም።

የቅሬ መዝገብ የማይጠቅም እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ1993 ገደማ ጀምሮ በመካነ መቃብሮች የሟች ዕድሜና ምክንያት እየተጠየቀ ሲመዘገብ ቆይቷል፤ የኤድስ ሞት ምን ያህል እንደነበረ፣ መድኃኒቱ ሲመጣም መቀነሱ የታየው በዚያ ነው። እኛም ይህን አይተን ለአጎቴ ደብተር የዕድሜና የጾታ ዓምድ አሰምረንለታል፤ በየመስከረሙም የአባላት ቤተሰብ ብዛት ይቆጠራል። መስመሩን ያሰመረው ወንድሜ ነው።

አገልግሎቱን ወደ መጠቀም ስመለስ የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። አማርኛ የለውም። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የለውም፤ የቅሬ ደብተርን ከግራፉ ጋር ማመሳከር የሚፈልግ ቀኑን በእጁ መለወጥ አለበት፣ በመስከረምና በጳጉሜን ላይ መሳት ቀላል ነው። ግራፉን ወደ «ሎግ» (እርከኑ በእኩል ቁጥር ሳይሆን በእጥፍ ወደሚያድግ ሚዛን) የሚቀይረው ቁልፍ ሳይታወቅ ይነካል፤ ያኔ ፈጣን ጭማሪ የዘገየ ይመስላል። የሞት ቁጥሩ ምንጭም በ2023 መጋቢት ጆንስ ሆፕኪንስ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ መሰብሰቡን ሲያቆም ወደ ዓለም ጤና ድርጅት ተቀይሯል፤ የድሮ ስክሪንሾት ከዛሬው ጋር አልገጥም ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ኔትወርክ ደካማ ሲሆን ገጹ ይከብዳል።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ። ሌሎች አገሮችን ለማነጻጸር 5 ይገባዋል። አንዱን የቀነስኩት ለኢትዮጵያና ለመሰሎቿ፣ «እዚህ አገር አብዛኛው ሞት አይመዘገብም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከግርጌ መቀበሩ አግባብ ስላልሆነ ነው፤ መስመሯ ራሷ ላይ መጻፍ አለበት። ይህንኑ በአስተያየት መስጫቸው ልኬላቸዋለሁ። እስከዚያው ግን ግራፍ ለቤተሰብ የምትልኩ ሰዎች፣ ስክሪንሾት ስታነሱ ከሥሩ ያለውን ትርጉምና ምንጭ ጨምራችሁ አንሱ።