በቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም የታወቀ መኪና ሞዴል ልታስመጡ ነው? ኪት ይሻላል ወይስ ዳይካስት

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ አግኝታችሁ ሻንጣው ውስጥ ለአንድ ካርቶን ቦታ ካለው፣ ምን ይያዝልኝ የሚለውን አሁኑኑ ወስኑ። ምርጫው ሁለት ነው። አንዱ ራሳችሁ ቆርጣችሁ፣ አጣብቃችሁ፣ ቀብታችሁ የምትጨርሱት የፕላስቲክ ኪት ነው። ሌላው ተሠርቶ ያለቀ የብረት ሞዴል ነው፣ ዳይካስት የሚሉት። እሱን ደግሞ ፈትታችሁ እንደገና በራሳችሁ መልክ ታሳምሩታላችሁ። ባሕር ዳር ሆኖ ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያው ዳይካስት ይሁን ባይ ነኝ።

ኪቱ በራሱ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው ያለው አብረውት በሚያስፈልጉት ነገሮች ላይ ነው። አብዛኛው ኪት ካርቶኑ ውስጥ ማጣበቂያም ቀለምም የለውም። የሞዴል ማጣበቂያ ፕላስቲኩን በትንሹ አቅልጦ የሚያዋህድ ፈሳሽ ነው፣ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሱም ሆነ የሚረጭ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣ አይገባም። እዚህ በየሱቁ ያለው ሱፐር ግሉ ነው። መያዙን ይይዛል፣ ግን ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጭጋግ ያለብሰዋል፣ ያ ጭጋግ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ኪት ካስመጣችሁ አካሉን በሱፐር ግሉ፣ መስታወቱን ግን በነጩ የእንጨት ኮላ አጣብቁ። ኮላው ሲደርቅ ጥርት ይላል።

ቀለም ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ይታያል። ከተማችን ውስጥ ባጃጅ የሚቀቡ ጎበዝ ልጆች ሞልተዋል፣ ኮምፕሬሰር አላቸው፣ ቀለም መቀላቀል ያውቃሉ። የዳይካስት አካል ብረት ስለሆነ የእነሱ ቀለም ምንም አያደርገውም። ፕላስቲኩ ላይ ግን ቲነሩ ይበላል፣ ገጹ ይሸበሸባል፣ በሩና ኮፈኑ ላይ ያሉት ቀጫጭን መስመሮች ይጠፋሉ። ለፕላስቲክ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል፣ እሱ አውሮፕላን ላይም ችግር የለበትም። በብሩሽ በስሱ፣ ደጋግማችሁ ቀቡት።

ዳይካስት እንዲህ ነው የሚሠራው። ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ትፈታላችሁ። ወንበሩን፣ መስታወቱን፣ መብራቱን ሁሉ ታወጣላችሁ። አካሉ ብቻውን ሲቀር አሴቶን አድርጋችሁ ቀለሙን ታነሳላችሁ። ፕላስቲክ የሆነ ነገር ላዩ ላይ ከቀረ አሴቶኑ ያቀልጠዋል፣ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከዚያ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አሽታችሁ፣ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባውን) አስረጭታችሁ፣ ቀለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን አታስረጩ። አየሩ እርጥበት ሲሞላው ላከር የሚባለው ቀለም ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ሐይቁ ዳር የምትኖሩ ደግሞ ጠዋት ላይ ጨርሱት፣ አመሻሽ ላይ ትንኙ እርጥብ ቀለም ላይ ይለጠፋል።

የትኛው መኪና? እኔ ቢያስመርጡኝ የናይት ራይደርን ጥቁር መኪና ነው፣ ፊልሙ ላይ ስሙ ኪት (KITT) የሆነውን። መነሻው የ1982 ሞዴል ፖንቲያክ ፋየርበርድ ትራንስ አም ነው። አኦሺማ የተባለው ሞዴል አምራች በ1/24፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና ርዝመት 24 ጊዜ አሳንሶ፣ የፕላስቲክ ኪቱን ሠርቷል፣ ጃዳ የተባለው ደግሞ በዚያው መጠን አፍንጫው ላይ መብራት የሚበራለት ዳይካስት አለው። ነገሩ ሁሉ ያለው መብራቱ ላይ ነው፣ ያ ቀይ ብርሃን ወዲያና ወዲህ ካልሮጠ መኪናው ተራ ጥቁር ትራንስ አም ነው። ዝም ብሎ ለሚበራ፣ ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪና አንዲት ቀይ ኤልኢዲ ይበቃሉ፣ ቀይ ኤልኢዲ የምትፈልገው 2 ቮልት አካባቢ ነው። ሞባይል የሚጠግን ልጅ ቁጭ ብሎ ይበይድላችኋል። እንዲሮጥ ከፈለጋችሁ ግን 555 እና 4017 የሚባሉ ሁለት ቺፖች ያስፈልጋሉ። አንዱ ምቱን ይሰጣል፣ ሌላው መብራቶቹን ተራ በተራ ያበራል፣ በመካከል ዳዮዶች ሲገቡ ብርሃኑ ደርሶ ይመለሳል። ፖሊ ካምፓስ ኤሌክትሪካል የሚማር ዘመድ ካላችሁ ይሄ ለእሱ ቀላል ነው። ክቧ ባትሪ ለዚህ አትበቃም፣ ባለ 9 ቮልቱን ተጠቀሙና መኪናው የሚቆምበት የእንጨት መደብ ውስጥ ደብቁት። ይህን ሥራ ለማሰብ ብቻ እንኳ ኪቱ ይመቻል፣ ሽቦውን ገና ሳይገጣጠም ታሳልፉታላችሁና። ስለዚህ ለመብራት ፍቅር ያለው ሰው ምክሬን ጥሶ ከኪቱ ቢጀምር አልቃወምም።

ቀለም መለማመድ ለሚፈልግ የዘ ኤ ቲምን ቫን የሚያህል የለም። ጂኤምሲ ቫንዱራ ነው፣ ጎኑ እንደ አባዱላ ልሙጥ። ከታች ጥቁር፣ ከላይ ብርማ ግራጫ፣ በመካከል ቀይ መስመር። ግራጫውን መጀመሪያ ቀብታችሁ፣ በማስኪንግ ቴፕ ሸፍናችሁ ጥቁሩን ትቀጥላላችሁ። ቴፑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ጠርዙ ጥርት ይላል።

የ1966ቱ የባትማን መኪና ሌላ ነገር ነው። ጆርጅ ባሪስ ሊንከን ፊውቱራ ከተባለች የ1955 የማሳያ መኪና ነው የሠራው፣ አካሉ ሁሉ ጠመዝማዛ፣ ጠርዙ ሁሉ በቀጭን ደማቅ መስመር የተከበበ። መስመሩን በእጅ ማውጣት እጅ ያልጠና ሰው ያስመርራል። ይህችን ተሠርታ ያለቀች ግዙ።

የዘ ዱክስ ኦፍ ሃዛርድ ብርቱካናማ ዶጅ ቻርጀር፣ የ1969 ሞዴሉ፣ በሩ ላይ 01 ያለበት፣ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ጣሪያው ላይ ያለው የኮንፌደሬሽን ባንዲራ የባርነት ታሪክ ያለበት ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2015 ዋርነር ብራዘርስ ባንዲራው ላለባቸው ሞዴሎች ፈቃድ መስጠት አቁሟል። እኔ ያለ ባንዲራው እንድትሠሩት ነው የምመክረው፣ ብርቱካናማውና ቁጥሩ ይበቃሉ። ቁጥሩ ኪት ውስጥ በዴካል፣ ማለትም በውሃ ተነክሮ በሚለጠፍ ሥዕል፣ ይመጣል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቆዩት፣ ወረቀቱን ሲለቅ በጣት አንሸራትታችሁ በሩ ላይ አስቀምጡት፣ በጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አውጡ። ያረጀ ኪት ስትገዙ ዴካሉ ቢጫ እንዳይሆን ፎቶ ጠይቁ።

መጠንን በተመለከተ፣ ትራንስ አሙ ወደ 4.8 ሜትር ስለሆነ በ1/64 7.5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ በ1/24 20፣ በ1/18 ወደ 27። ሆት ዊልስ 1/64 ነው፣ ዋጋው ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ግን ብሎን የለውም፣ ሥሩ በሪቬት የተመታ ስለሆነ በድሪል ካልተበሳ አይፈታም። 1/18 ያምራል፣ ሻንጣ ውስጥ ግን ይከብዳል፣ ይዞላችሁ የሚመጣውንም ሰው ያስቸግራል። 1/24 እና 1/25 ለሁሉም ይመቻሉ።

ኪት ካላስመጣሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትሉ ካላችሁ ካርቶኑ ላይ ስናፕ የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። እሱ ያለ ማጣበቂያ ተጫን ተጫን ተደርጎ የሚገጣጠም ነው። ገዢው ከመክፈሉ በፊት የካርቶኑን ጎን ፎቶ ይላክላችሁ፣ መጠኑም ስናፕ መሆኑም እዚያው ላይ ተጽፏል።