ያረጀ አንሶላ፦ በእጅ መስፋት ወይስ ለልብስ ሰፊ መስጠት?

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ያረጀ አንሶላ ወዲያው የወለል መወልወያ ሲሆን ማየት ያሳዝነኛል። የሚሳሳው እኮ መሃሉ ነው፤ ዳርና ዳሩ ገና ጠንካራ ስለሆነ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። 50 በ70 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ትራስ፣ ስፌቱንና የአፉን እጥፋት ጨምሮ፣ 53 በ165 የሆነ ቁራጭ ይበቃል። ከዳሩ ከቆረጡት የቀድሞው ጠርዝ ለአፉ ያገለግላል።

በእጅ፦ ወጪው መርፌና ክር ብቻ ነው። መርፌውን ወደ ኋላ እየመለሱ ካልሰፉ ግን እጥበት ሲደጋገም ይተረተራል።

ልብስ ሰፊ ጋር፦ ስፌቱ እኩልና ጠንካራ ይሆናል፤ በእግር የሚረገጠው ሲንጀር መብራት ቢጠፋም ይሠራል። ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ።

ለአንድ ሁለት የትራስ ልብስ በእጅ መስፋት ያዋጣል። ረጅም መጋረጃ ወይም ከብዙ ቁራጭ የሚገጣጠም የፍራሽ ልብስ ከሆነ ለልብስ ሰፊው ይስጡት።