ዋት ወይስ የፈረስ ጉልበት?

የውሃ ፓምፕ ስትገዙ ሻጩ "ሁለት የፈረስ ጉልበት ነው" ይላችኋል። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ ግን የተጻፈው በዋት ነው። ሁለቱም የሚለኩት ኃይልን ነው፤ ሥራው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ማለት ነው።

የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ ሰው ጋር ይያያዛሉ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ የእንፋሎት ሞተሩን የሚሸጠው ወፍጮና ፓምፕ በፈረስ ለሚያሽከረክሩ ሰዎች ጭምር ስለነበር፣ "የስንት ፈረስ ሥራ ይሠራል?" ለሚሉት ገዢዎች የሚገባ መልስ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ አንድ ፈረስ በደቂቃ 33,000 ፓውንድ ክብደት (15,000 ኪሎ ገደማ) አንድ ጫማ (30 ሴንቲሜትር ገደማ) ከፍ ያደርጋል ብሎ ተመነ። ለገበያ ግሩም ሐሳብ ነው! ለስሌት ግን ያስቸግራል። ፈረስ ሁሉ እኩል አይደለም፤ መለኪያውም ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ የእንግሊዙ 746 ዋት ገደማ ሲሆን የሜትሪኩ 735.5 ነው።

ዋት የሚለውን ስም በ1882 ያቀረበው መሐንዲሱ ዊልያም ሲመንስ ነው፤ ጄምስ ዋት ከሞተ ከ63 ዓመት በኋላ። ለምጣድና ለመሳሰለው ስሌቱ ቀላል ነው፤ ቮልትን በአምፒር ማባዛት፣ አለቀ።

እኔ ለኤሌክትሪክ ዋትን እመርጣለሁ። የሞተር የፈረስ ጉልበት የሚነግራችሁ በሚሽከረከረው ዘንጉ ላይ የሚወጣውን ኃይል ነው። ባለ ሁለት የፈረስ ጉልበቱ ፓምፕ 1.5 ኪሎዋት ገደማ ቢያወጣም፣ ከመስመሩ የሚስበው ከዚያ ይበልጣል፤ ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ጄኔሬተር ወይም ሶላር ከመግዛታችሁ በፊት የሚስበውን ዋት ጠይቁ።