ለትንሽ ፕላዝማ ፎከስ የትኛው ጋዝ ይገዛ? ዲዩቴሪየም፣ ኒዮን ወይስ አርጎን

ፕላዝማ ፎከስ በካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ) የታመቀን ኃይል በአንድ ቅጽበት ወደ ጋዝ የሚለቅ (ይህ አንድ ተኩስ ይባላል)፣ ጋዙን ወደ ትኩስ ፕላዝማ ለውጦ በመጭመቅ ኒውትሮን ወይም ኤክስሬይ የሚያወጣ የቤተ ሙከራ ማሽን ነው። የጋዙን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ሒሳብ ሥሩ። የማሽኑ ክፍል አምስት ሊትር ነው እንበል፤ የሚሞላው ደግሞ በ4 ሚሊባር ብቻ ነው። ይህ በተራ የአየር ግፊት ሲለካ 20 ሚሊሊትር ገደማ፣ ከአንድ ሲኒ ቡና ያነሰ ጋዝ ነው። 50 ሊትር ጋዝ የታመቀባት ትንሽ ጠርሙስ ከሁለት ሺህ ጊዜ በላይ ትሞላዋለች። ስለዚህ የዲዩቴሪየም ዋጋ አያስደንግጣችሁ፤ ይልቅ የኒውትሮን መቁጠሪያውን ወጪ አስቡ።

የማወዳድረው በዩኤንዩ/አይሲቲፒ (የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲና የዓለም አቀፉ የቲዎረቲካል ፊዚክስ ማዕከል) ማሽን ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ኳላ ላምፑር ላይ ለታዳጊ አገሮች ቤተ ሙከራዎች ታስቦ የተሠራ፣ ባለ 30 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ በ14 ኪሎቮልት 3 ኪሎጁል ገደማ የሚይዝ ማሽን ነው።

ጉዳዩ ሁሉ የሰዓት ጉዳይ ነው። የኤሌክትሪኩ ፍሰት ጣሪያ የሚነካው ተኩሱ በጀመረ 3 ማይክሮሰከንድ ገደማ ላይ ነው፤ ፍሰቱ የሚገፋው ስስ የፕላዝማ ሽፋንም አኖዱ (የመሀሉ የብረት ዘንግ) ጫፍ መድረስ ያለበት ያኔ ነው። ጋዙ ከከበደ ሽፋኑ ይዘገያል። ለዚህ ነው ዲዩቴሪየም በ3 እና 4 ሚሊባር አካባቢ ሲመቸው፣ አርጎን ወደ 1 ሚሊባር ወይም ከዚያ በታች የሚወርደው።

ዲዩቴሪየም የሚገዛው ለኒውትሮን ነው። ማሽኑ በደንብ ሲሠራ በአንድ ተኩስ 100 ሚሊዮን ገደማ፣ እያንዳንዱ 2.45 ሜጋኤሌክትሮንቮልት የሆነ ኒውትሮን ይሰጣል። እርሳስ አያቆመውም፤ ፓራፊን ወይም ውኃ ያስፈልጋል። ጋዙ ተቀጣጣይ መሆኑንም አትርሱ። አብሮ ሂሊየም መግዛት ብልህነት ነው፦ ክብደቱ ከዲዩቴሪየም ሞለኪውል ጋር እኩል ስለሆነ ሽፋኑ በተመሳሳይ ግፊት ተቀራራቢ ጉዞ ይጓዛል፣ ኒውትሮን ግን አይወጣውም። በሂሊየም እየተኮሳችሁ መቁጠሪያው ከቆጠረ፣ የቆጠረው ኤክስሬይ ወይም የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው።

ኒዮን ለስላሳ ኤክስሬይ ለሚፈልግ ወደር የለውም፤ 1 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ደማቅ ነው። ችግሩ ጨረሩ አየር ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር ሳይሄድ መዋጡ ነው፤ ናሙናውንም ዳሳሹንም ቫኪዩም ውስጥ ማስገባት ግድ ይላል። ዋጋውም አይታመንም። አየር ውስጥ ያለው ኒዮን ከሚሊዮን 18 እጅ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ፋብሪካዎች ሲቆሙ ገበያው እንዴት እንደተናጋ የቺፕ አምራቾች ያውቁታል።

አርጎን ከአየሩ አንድ በመቶ ሊሞላ ጥቂት ስለሚቀረው ርካሽ ነው፤ አሉሚኒየምና ስቴንለስ ስቲል በያጆች ዘንድም አይጠፋም። 3 ኪሎኤሌክትሮንቮልት አካባቢ ያለውን ጨረሩን ለማውጣት ግን ፕላዝማው ከኒዮን ይልቅ በጣም መሞቅ አለበት፤ ይህ ትንሽ ማሽን እዚያ ላይ ይደክማል። ናይትሮጅን ባዮሎጂካል ናሙና በኤክስሬይ ለሚያይ ይጠቅማል፤ ለሌላው አይቸኮልበትም።

ለጀማሪ ቤተ ሙከራ እኔ የምመርጠው መጀመሪያ አርጎን ነው፣ ለጨረሩ ሳይሆን ለመማሪያነቱ። በኦሲሎስኮፑ (የኤሌክትሪክ ለውጥን በመስመር በሚያሳየው መሣሪያ) ላይ የኤሌክትሪኩ ፍሰት መስመር ጣሪያው አካባቢ ድንገት ጎድጎድ ሲል፣ ቮልቴጁ ደግሞ እንደ መርፌ ሲሾል በግልጽ ያሳያል፤ ይህ ፕላዝማው በደንብ የመጨመቁ ምልክት ነው። አዲስ ኢንሱሌተር (በአኖዱ ሥር ኤሌክትሪክ የሚከላከለው ብርጭቆ) ከገባ በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ይህ ላይታይ ይችላል፤ ብርጭቆው እስኪለምድ ታገሡ፣ ጋዙንም ከጥቂት ተኩስ በኋላ አውጥታችሁ በአዲስ ሙሉት።