ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ ኮፒ ቤት

ሥርዓተ ትምህርቱን ባለሙያ ይቀርጻል፤ የዚህን ቤት መደርደሪያ ግን የሚሞላው ወላጅ ነው። ፊት ለፊት የተደረደሩት ከውጭ የመጡ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው፤ የትምህርት ቢሮው ኅትመት ከጀርባ ሆኖ ሲጠየቅ ብቻ ይወጣል። ባለሱቁ አይወቀስም፣ ገበያው የጠየቀው ነው። ጣጣው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ የውጭው መጽሐፍ በሌላ አገር መርሐ ግብር ስለተሠራ፣ ልጁ ክፍል ውስጥ ክፍልፋይ ሲጀምር ቤት ውስጥ መቶኛ ያሰሉታል።

ኮፒው ደህና ነው። በ80 ግራም ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ በስፓይራል ይጠረዛል። ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ስለሆነ በቀለም የሚለየው የክብ ግራፍ ሁሉ አንድ ግራጫ ይሆናል፤ ሒሳብና ማኅበራዊ ጥናት ከሆነ እነዚያን ገጾች ብቻ በቀለም ያሠሩ። ቀዳዳው የመስመሩን መጀመሪያ ፊደላት እንዳይበላም ከመበሳቱ በፊት የውስጥ ኅዳጉን ይዩ።

አሮጌ ኅትመትም ይቀላቀላል። መግቢያው አንደኛ ደረጃን እስከ 8ኛ ክፍል ካደረሰው፣ በ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ የተዘጋጀ ነው፤ አሁን አንደኛ ደረጃ 6ኛ ላይ ያበቃል፣ 7ኛና 8ኛ መካከለኛ ደረጃ ናቸው። ሳይከፍሉ ይመልሱት።