ገላን ድረስ መጥተው እሳት ማጥፊያ የሞሉልን ሰዎች

ገላን ውስጥ የሶፋና የቁም ሳጥን ማምረቻ ሼድ አለን። ሥራውን የምመራው እኔ ነኝ። 19 ሠራተኞች ነን። ስፖንጁ፣ ሰጋቱራው፣ ኮላው፣ ቲነሩ፣ ቫርኒሹ፣ ሁሉም አንድ ጣሪያ ስር ነው። ባለፈው ወር እሳት ማጥፊያዎቻችንን ለማስሞላት ቃሊቲ መንገድ ዳር ካለ አንድ ሱቅ ሰዎች አስመጣን። ሙሌት ብቻ ሳይሆን የግማሽ ቀን ስልጠናም ይሰጣሉ። እንደኛ ሼድ ወይም መጋዘን ላላችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ ሙሌቱ። ከዚህ በፊት የሚሞላልን ሌላ ሰው ነበር። በየዓመቱ ይመጣል፣ አዲስ ወረቀት ይለጥፋል፣ ደረሰኝ ቆርጦ ይሄዳል። የጌጁ (የግፊት መለኪያው) ቀስት አረንጓዴው ላይ ስለነበር እኛም አልጠረጠርንም። የአሁኖቹ አንዱን ባለ 6 ኪሎ ሲሊንደር ገልብጠው ጆሯቸውን አስጠጉ። ውስጡ ምንም የሚንሸራተት ነገር የለም። ግፊቱን አስወጥተው ሲከፍቱት እሳት የሚያጠፋው ፓውደር ከስር እንደ ሲሚንቶ ደርቋል። ግፊት አለው፣ የሚረጨው ግን የለውም። በጣም ደነገጥኩ። ይሄን ይዞ ወደ እሳት የሚሮጠው ከልጆቻችን አንዱ ነበር። አሁን በየወሩ ጌጁን ከማየት ሌላ ሲሊንደሩን ገልብጠን ፓውደሩ መንቀሳቀሱን እናዳምጣለን።

አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ናቸው። ልጆቹ ወዲያው «ጋሼ» አሏቸው። እኛ የጠበቅነው የማጥፊያውን ፒን አነቃቀል ነበር። እሳቸው ግን ሼዱን ዞረው አይተው ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁት «የጓሮው በር ቁልፍ ማን ጋ ነው?» ብለው ነው። ጥበቃው ጋ ነው። እቃ እንዳይወጣ ብለን ከቆለፍነው ቆይቷል። «እንግዲያው መጀመሪያ ይከፈት፣ ስልጠናው ከዚያ በኋላ ነው» አሉ። ጥበቃው ምሳ ወጥተው ስለነበር ቁልፉ እስኪመጣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆመን ጠበቅን። ያቺ ሩብ ሰዓት እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣችም፤ ዋናው በር አጠገብ እሳት ቢነሳ ኖሮ እነዚህ ሁሉ ልጆች የት ይገቡ ነበር እያልኩ አስባለሁ። በማግስቱ መቆለፊያውን አንስተን ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ አስገጠምን።

ከዚያ ሜዳ ላይ ወጣን። ግማሽ በርሜል ውስጥ ቲነር የጠጣ ጨርቅ ለኮሱ። አንዱ ቀለም ቀቢያችን ሲሊንደሩን ይዞ በጣም ተጠጋና ነበልባሉ አናት ላይ ረጨ። ጋሼ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። 18 ሲሉ ፓውደሩ አለቀ፣ እሳቱ ግን እንዳለ ነው። 6 ኪሎ ማለት ይቺው ናት። ሁለተኛው ልጅ ከሁለት ሜትር በላይ ራቅ ብሎ ቆመና ከስሩ ግራና ቀኝ እየጠረገ ሲረጨው በጥቂት ሰከንድ ጠፋ። ዞሮ ሊሄድ ሲል ግን ጋሼ ትከሻውን ያዙት። የጋለው ነገር መልሶ ሊቀጣጠል ስለሚችል እሳቱን እያዩ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነው የሚወጣው።

ለኔ ከሁሉም የበለጠብኝ ግን መቼ ጥለን እንደምንወጣ የነገሩን ነው። እኛ ጋ እሳት ሲነሳ ያለው ይታወቃል። ሁሉም ባልዲ ይዞ ይሮጣል፣ የወጣው ሰው እቃ ላድን ብሎ ተመልሶ ይገባል። እሳቸው እንዳሉት ማጥፊያ የሚነሳው እሳቱ ገና የቆሻሻ ቅርጫት ሲያክል፣ ሌላው ሰው ተነግሮት መውጣት ሲጀምር፣ የሚቃጠለው ምን እንደሆነ ሲታወቅና መውጫው ከጀርባችን ሲሆን ብቻ ነው። አንዷ ከጎደለች መውጣት ነው። አንድ ሲሊንደር ጨርሰን ካልጠፋም እንደዚያው፣ ሁለተኛ ፍለጋ የለም። ስፖንጅ ከተያያዘማ ጭራሽ አይሞከርም፤ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ ስላለ እሳቱ ሳይደርስብህ ጭሱ ይጥልሃል።

ቡና የሚያፈሉልን እትዬ «የጋዙ ሲሊንደር አፉ ላይ ቢቀጣጠልስ?» ብለው ጠየቁ። ቫልቩን መዝጋት ካልተቻለ ነበልባሉን ማጥፋት አይገባም አሏቸው። እሳቱ ጠፍቶ ጋዙ መውጣቱን ከቀጠለ ቤቱን ይሞላና አንዲት ብልጭታ ሲያገኝ ይፈነዳል። ስለዚህ ሰው ማስወጣትና ለእሳት አደጋ 939 መደወል ነው። ይሄንን እኔም አላውቅም ነበር።

ማጥፊያዎቹንም ቦታ አስቀየሩን። አንደኛው የተሰቀለው ቫርኒሽ የሚረጭበት ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ ነበር። እሱን ለማምጣት እሳቱን አልፎ መሄድ ሊያስፈልግ ነው። አሁን ሁሉም በሮቹ አጠገብ ናቸው። የመብራት ማከፋፈያው ጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚረጨውን ሰቅለዋል፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ ላይ ውሃ አይደፋም። ውጭ ተሰብስበን ስም ስንጠራ ደግሞ ሁለት የቀን ሠራተኞች ዝርዝሩ ላይ የሉም። ውስጥ ቢቀሩ ማንም አይፈልጋቸውም ነበር ማለት ነው። አሁን ጠዋት ሲገቡ ፎርማኑ ስማቸውን ይመዘግባል።

ቅሬታም አለኝ። ሁለት ሰዓት አርፍደው ነው የመጡት። ለልምምድ ያመጡት አራት ሲሊንደር ብቻ ስለሆነ 15 ሰው ቆሞ ተመልካች ሆነ፣ ይሄ ደግሞ በማየት ብቻ የሚለመድ ነገር አይደለም። ስልጠናው በአማርኛ ብቻ ነበር። ከልጆቻችን ብዙዎቹ ኦሮምኛ ስለሚቀናቸው ፎርማኑ እያስተረጎመ ነው የጨረስነው። ዋጋቸውም ከሌላው ይወደዳል፣ ግን ሲሊንደሩን እፊታችሁ ከፍተው ስለሚሞሉ አልቆጨኝም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ቅሬታዬን በስልክ ስነግራቸው ተቀበሉኝ። በሚቀጥለው ወር ላልደረሳቸው 15ቱ ልጆች ተጨማሪ ሲሊንደርና ኦሮምኛ የሚችል አሰልጣኝ ይዘው ሊመጡ ቀጠሮ ይዘናል።