ለቆየ የኤክስ10 ቤት ምን ይገዛል? አሮጌ ዊንዶውስ፣ ቨርቹዋል ማሽን ወይስ ራስበሪ ፓይ

አሜሪካ ውስጥ የቆየ ቤት የገዛ ሰው አንዳንዴ ያላሰበውን ዕቃ አብሮ ይረከባል። ሶኬት ላይ የተሰካ ነጭ ሳጥን፣ ፊቱ ላይ ሁለት የሚዞሩ ትንንሽ መምረጫዎች ያሉት። አንዱ ከኤ እስከ ፒ፣ ሌላው ከ1 እስከ 16። ይሄ ኤክስ10 ነው፤ መብራትና የቤት ዕቃ ከርቀት የሚያበራና የሚያጠፋ። ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ የፈጠረው ሲሆን ትእዛዙን የሚልከው በቤቱ የመብራት ሽቦ በኩል ነው። ሳጥኖቹ ብዙ ጊዜ ዛሬም ይሠራሉ። የሚያስቸግረው እነሱን የሚያዘው አክቲቭሆም ፕሮ የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የተሠራው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ከሽቦው ጋር የሚያገናኘውን ዕቃ እዩ። ጀርባው ላይ ሲኤም11ኤ ካለ በሲሪያል ገመድ ነው የሚሠራው። ሲኤም15ኤ ካለ በዩኤስቢ ነው፤ የሪሞት ምልክትም በሬዲዮ ይቀበላል። ምርጫችሁን የሚወስነው ከፕሮግራሙ ይልቅ ይሄ ዕቃ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሁለቱም የሰዓት ፕሮግራሙን በራሳቸው ሜሞሪ ይይዛሉ። አንዴ ከተጫነላቸው ኮምፒውተሩ ቢነቀልም መብራቱን በሰዓቱ ያበራሉ። እና የምትፈልጉት ማታ በረንዳው እንዲበራና ጠዋት እንዲጠፋ ብቻ ከሆነ፣ ቀን ከሌት የሚሠራ ማሽን አያስፈልጋችሁም።

አሮጌውን ኮምፒውተር እንዳለ ማቆየት ነፃ ይመስላል። ሒሳቡን እንሥራው። የድሮ ዴስክቶፕ ሥራ ሳይኖረው 70 ዋት ቢበላ በዓመት ወደ 613 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ17 ሴንት ብታስቡት ከ100 ዶላር በላይ ነው። 5 ዋት የሚበላ ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽዬ ኮምፒውተር በዚያው ሒሳብ 7 ዶላር ተኩል አይሞላም። በዚያ ላይ ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠው ድጋፍ ጥር 2020 ላይ፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 2025 ላይ አብቅቷል። ማቆየት ግድ ከሆነባችሁ ከኢንተርኔት ነቅላችሁ፣ የሰዓት ፕሮግራሙን ለመቀየር ብቻ አብሩት።

ቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ ፕሮግራም፣ ይሻላል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ቨርቹዋልቦክስ ትጭናላችሁ፤ በነፃ ይገኛል። ውስጡ አሮጌውን ዊንዶውስ ታስቀምጡና ሲኤም15ኤን በዩኤስቢ ታሳልፉለታላችሁ። ፋይሉን ኮፒ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁ ኮምፒውተሩ ቢሞት እንኳ ሌላ ላይ ይነሳል። ሕጋዊ የዊንዶውስ ፈቃድ ግን ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ ገዢ የሚሸወድበት ቦታ አለ። የአፕል ኤም ቺፕ ያለው ማክ ወይም ስናፕድራገን ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ አትግዙ። በእነሱ ላይ የሚሄደው ዊንዶውስ ኤአርኤም ለሚባለው የቺፕ ዓይነት የተሠራው ነው። የድሮ ፕሮግራሞችን አስመስሎ ማስኬድ ይችላል፤ ለኢንቴል የተጻፈ ድራይቨርን፣ ማለትም ዕቃውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያነጋግረውን ፕሮግራም፣ ግን አይቀበልም። ፕሮግራሙ ይከፈትላችኋል፣ ሳጥኑን ግን አያገኘውም። ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ያለው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ይበቃችኋል።

የእኔ ምርጫ ሦስተኛው፣ በሊኑክስ የሚሠራው ራስበሪ ፓይ ነው። ፕሮግራሙን ተሰናበቱት፣ ዕቃውን ያዙ። ለሲኤም11ኤ ሄዩ የሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም አለ። መልክ የለውም፤ ትእዛዝ በጽሑፍ ነው የሚቀበለው። ራሳችሁ ከምንጭ ኮዱ ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም መቀየር፣ ሊኖርባችሁ ይችላል። ሥራውን ግን ያውቃል። ለምሳሌ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሲኤም11ኤ ሰዓቱ ስለሚጠፋበት በየሰከንዱ ኮምፒውተሩን «ስንት ሰዓት ነው?» እያለ ይነዘንዛል። መልስ የሚሰጠው ካላገኘ አያርፍም። ሄዩ ከጀርባ ሆኖ ሰዓቱን ይነግረዋል፣ ነገሩም ያልፋል። የሰዓት ፕሮግራሙንም ወደ ሜሞሪው ይጭንለታል።

ለሲኤም15ኤ ደግሞ ሞቻድ አለ። በቤት ኔትወርክ ውስጥ በ1099 ፖርት አጭር የጽሑፍ ትእዛዝ ይቀበላል። ሪሞት ስትጫኑም ወዲያው ያሳውቃል። ጉድለቱ ወደ ሳጥኑ ሜሞሪ ፕሮግራም አለመጫኑ ነው። ሰዓቱን የሚጠብቀው ፓዩ ስለሆነ፣ ፓዩ ከጠፋ ቀጠሮውም አብሮ ይጠፋል።

ሲሪያል ገመዱ ላይ ጥቂት ዶላር ለመቆጠብ አትሞክሩ። ከሲሪያል ወደ ዩኤስቢ የሚቀይረውን ስትገዙ ኤፍቲዲአይ ቺፕ ያለውን ምረጡ። ርካሾቹ ላይ የቆየ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ የፕሮሊፊክ ቺፕ ሊኖር ይችላል፤ አዲሱ የዊንዶውስ ድራይቨር እነሱን አይቀበልም። ገመዱ ሲሰካ ይታያል፣ ሥራ ላይ ግን እምቢ ይላል።

ቤታችሁ ያለው ኢንስቲዮን የሚባለው ሌላ የመብራት መቆጣጠሪያ ከሆነ ወሬው ሌላ ነው። ኩባንያው ሚያዝያ 2022 ሰርቨሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ዘጋ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተጠቃሚዎች ገዝተው መልሰው አስነሡት። ሃውስሊንክ የሚባለው የዊንዶውስ ፕሮግራሙ ግን ተትቷል። ስለዚህ እዚህ ቨርቹዋል ማሽን ላይ ጊዜ ማጥፋት ትርጉም የለውም። ሆም አሲስታንት የሚባለው የቤት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ከኢንስቲዮን ሞደም ጋር ያለ ኢንተርኔት በቀጥታ ይነጋገራል። ሊኑክስ መንካት የማይፈልግ ሰው ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ሆም አሲስታንት ግሪን ይይ፤ በ2023 ሲወጣ ዋጋው 99 ዶላር ነበር። ያገለገለ ሞደም ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ። የድሮዎቹ 2413 ሞደሞች ውስጥ ያለው ካፓሲተር ቶሎ በመበላሸት ይታወቃል። ሞደሙ ሲሞት ደግሞ ከመብራቶቹ ጋር የነበረውን ትስስር ሁሉ እንደገና ማሠር ነው። ልብ ያደርቃል።

የትኛውንም ብትመርጡ መጀመሪያ ሳጥኑን በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰኩት። ሰርጅ መከላከያ ያለው ማከፋፈያ የኤክስ10ን ምልክት ይውጠዋል፤ የስልክ ቻርጀርና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖልም ይረብሹታል። የአሜሪካ ቤት ደግሞ ኤሌክትሪኩ በሁለት መስመር ነው የሚገባው፤ ምልክቱ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ካፕለር ከሌለ ግማሹ ቤት አይሰማም። ሳሎን ሠርቶ መኝታ ቤት እምቢ ካለ ኮምፒውተሩን አትክሰሱ።

ዕቃውን አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት። እነዚህ ሳጥኖች የተሠሩት ለ120 ቮልትና 60 ኸርትዝ ነው። አዲስ አበባ ያለው 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ስለሆነ በቀጥታ ከተሰኩ ይቃጠላሉ።